ሠላሳ ስምንተኛዋ ተሳፋሪ

ባለፈው ሳምንት ኢብቲሳምን የት እንደተውኳት ታስታውሳላችሁ። የእኔንና የእነሱን ግቢ በሚለየው የቆርቆሮ አጥር ቀዳዳ አንገቷን አስግጋ «እትዬ፣ ጁምዓ ስንት ቀን ቀረው?» ስትለኝ ነበር። አዲስ መጪ ካላችሁ ደግሞ ግቡ፣ ቦታ አለ፤ የመርሳ ረዳት እንደሚለው ጠጋ ጠጋ በሉላቸው። እኔ ታደለች ነኝ። መናኸሪያው ጀርባ በልብስ ስፌት የምኖር፣ የቀለም ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ፣ የሰው ጉዳይን ግን እስከ ዲግሪ የገፋሁ ሴት ነኝ።

ኢብቲሳም የጎረቤቴ የሐጂ ሙሐመድዘይን የመጨረሻ ልጅ ናት። ሐጂ ብርቱካን ይነግዳሉ፣ ቡርቱካን የምትባል ሚስትም አግብተዋል፤ ከነዚህ ከሁለቱ በቀር ፊታቸው ላይ ጣፋጭ ነገር አይቼ አላውቅም። ቁም ነገረኛ ናቸው። ልጃቸው የወደደችው ጁነይድ ደግሞ ከወልድያ መርሳ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነበር። የሐጂ ልጅና ረዳት! ይህ የተሰማ ቀን ሰፈሩ የቀዳውን ሻይ ሳይጠጣ ነው ያቀዘቀዘው።

እንዴት እንደወደደችው እኔ ነኝ የማውቀው። ከወልድያ ስትመለስ ሚኒባሱ ሲሪንቃ ላይ ትንሽ ቆሞ ነበር። መርሳ ሊገቡ ሲሉ ጁነይድ ሒሳብ ሊቀበል ይቆጥራል፤ አንድ ሰው ጎደለ። አንዲት አሮጊት ለሽንት ወርደው ቀርተዋል። ሹፌሩ «የራሷ ጉዳይ፣ በሌላ ትመጣለች» አለ። ጁነይድ ግን ከሚኒባሱ ወረደና በዝናብ በእግሩ ተመለሰ። አሮጊቷን በባጃጅ ይዟቸው መርሳ ሲገባ፣ ኢብቲሳም ወደ ቤቷ ሳትሄድ መናኸሪያው በር ላይ ቆማ አገኛት። «ምን ጠፍቶሽ ነው?» ቢላት «ቆጥሬ አንድ ሰው ጎድሎብኝ» አለችው። በቃ፣ ያ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ጭቅጭቅና የእነሱ መተያየት ነው።

ዛሬ ጁነይድ መርከብ ላይ ነው የሚሠራው። ከዚህ አዲስ አበባ ሆቴል፣ ከሆቴል ዱባይ፣ ከዱባይ መርከብ። ጭነት የሚጭን እንዳይመስላችሁ፤ ጡረታ የወጡ ሀብታሞች ተራራና ባሕር ሊያዩ ብቻ የሚሳፈሩበት፣ የሚንሳፈፍ ፎቅ ነው። ኖርዌይ የሚባል አገር ሲደርሱ ባሕሩ በተራራ መሃል እየተሹለከለከ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ፊዮርድ ይሉታል። መርከቡ እዚያ ይቆምና ሰዎቹ ለግማሽ ቀን ይወርዳሉ። በአውቶቡስ ከወልድያ ወደ ድልብ እንደሚወጣው ያለ ጠመዝማዛ ይወጡና፣ ከላይ ሆነው ፏፏቴውን አይተው ፎቶ ተነስተው ይመለሳሉ። የጁነይድ ሥራ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ከፍ አድርጎ ፊት ፊት መሄድ፣ ሲወርዱ መቁጠር፣ ሲሳፈሩ መቁጠር ነው።

«እትዬ ታደለች፣ ያው ረዳትነት ነው» ብሎ በድምፅ ላከልኝ፤ «እዚህ ግን መልስ አምጣ የሚለኝ የለም።»

ሐጂ ከእሱ ጋር እንዳታወራ የልጅቱን ስልክ ስለወሰዱባት ድልድዩ የእኔ ስልክ ሆኖ ነበር። እሷ ከስፌት መኪናዬ ጀርባ ትቀመጣለች፣ እኔ ያልሰማሁ መስዬ ፔዳሉን እረግጣለሁ። አንድ ቀን እንዲህ ሲላት ሰማሁ፦ «ኢብቲ፣ የእኛ ተራራ እግሩ ማሽላ ውስጥ ነው። የዚህ አገር ተራራ ግን እንደደከመው ሽማግሌ እግሩን ባሕር ውስጥ ነክሮ ተቀምጧል። ውበቱን አይቼ ልደሰት ስል አልችልም። ሠላሳ ስምንት ሰው ይዤ እወጣለሁ፤ ቆጥሬ ሠላሳ ስምንት ይሞላልኛል፤ አሁንም አንድ ሰው የጎደለብኝ ይመስለኛል።»

ሰባት ጊዜ አስደገመችኝ። በስምንተኛው «ኧረ ባትሪዬን ማረሽ» ብዬ ነጠቅኳት።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱብኝ። ሊሄድ ሲል ሻርፕ ሠርታለት ነበር። ኪሮሹን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ ክሩም የእኔ ነው። ብርቱካናማው ክር ጫፉ ላይ ሲደርስ አለቀ። ወልድያ ተፈልጎ ጠፋ። የተረፈኝን አረንጓዴ ሰጠኋትና አራት ጣት የምትሆን ጫፍ በአረንጓዴ ጨረሰችው። «ያስቃል እትዬ» ብላ ልታለቅስ ነበር። «ተይው፣ ከነቅጠሉ የተቀጠፈ ብርቱካን መስሏል» አልኳት። በዓለም ላይ እንደዚያ ያለ ሻርፕ ሁለተኛ የለም፤ እግዚአብሔር ይመስክርብኝ።

ሐጂ ጨካኝ አባት አይደሉም። ለጁነይድ ሁለት ጊዜ ቀን ሰጥተውታል። መጀመሪያ በቀጠሩት ቀን ኔትወርክ አገሩን ሙሉ ጠፋ፤ በሁለተኛው ቀን መርከቡ ባሕር መሃል ነበር። በመካከሉ ዓሪፍ ሽማግሌ ላከ። ዓሪፍ ሲሪንቃ እርሻ ምርምር የሚሠራ የማሽላ ዘር ባለሙያ ነው። የተማረ፣ ትሁት፣ ሰላምታው ረጅም። ክፉ ቢሆን እንዴት በወደድኩ፤ ተረጋግቼ እጠላው ነበር። ሽማግሌዎቹ ሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ሐጂ ፈረዱ። ጁነይድ በመጪው ጁምዓ ከሶላት በኋላ ይደውል፤ አጎቱን ወኪል ማድረጉን በገዛ አንደበቱ ያሰማ፤ ኒካሁ በዚያው ይታሰራል። ከሰዓት በኋላ የዐስር አዛን እስኪል ድምፁ ካልተሰማ ልጅቱ ለዓሪፍ ናት። ጁነይድም ሲነገረው «የዚያን ቀን ተራራው ላይ ነኝ፣ ጫፉ ላይ ኔትወርክ አለ፤ ከአውቶቡሱ እንደወረድኩ እደውላለሁ» አለ።

እንግዲህ ጁምዓው ይኸው።

ሐምሌ ነው። የሐብሩ ተራሮች ጉም ተከናንበዋል። እኔ ከቡርቱካንና ከኢብቲሳም ጋር ጓዳ ነኝ። ሳሎን ሐጂና የጁነይድ አጎት አሉ። አጎትየው የተዋሱት ኮት እጅጌው ረዝሞባቸው ጣታቸው አይታይም። የዓሪፍ ሰዎች ለጨዋነት ሲሉ መስጊዱ ግቢ ቀርተዋል። የሐጂ ስልክ ኔትወርክ ከሚይዝባት ከመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጧል። ሁላችንም እሱን ነው የምናየው፤ እንደ ታማሚ።

ሰባት ተኩል ሆነ። ስምንት ሆነ። ስልኩ አንድ ጊዜ ጮኸና ሁላችንም ተነሳን፤ የማንጎ ደንበኛ ነው። ሐጂ በዚያ ቁም ነገረኛ ድምፃቸው «ዛሬ ማንጎ የለም» ብለው ዘጉት።

«ይደውላል» አልኳት ኢብቲሳምን፤ «ሀብታም አሮጊቶች ፎቶ አንሳን ብለው ይዘውት ነው። ቆንጆ ባል ይዘሽ ምን ልታደርጊ!»

ፈገግ አለች፤ ግን ፈገግታዋ ከንፈሯ ላይ ብዙ አልቆየም። «እትዬ፣ እጄን ይያዙኝ» አለች። ያዝኩላት።

ዘጠኝ ሆነ። ላጫውታት ብዬ ስልኬን አወጣሁ። የመርከቡ ሰዎች በየቀኑ ፎቶ የሚለጥፉበት የፌስቡክ ገጽ አለ፤ ጁነይድ ራሱ ነው ያሳየን። ስከፍተው አዲስ ፎቶ ገና መለጠፉ ነው። ጉም፣ ከታች ውሃ፣ የታጠፈ መንገድ፣ ከፊት ለፊት ደግሞ ጁነይድ።

«ይኸውልሽ ባልሽ! በሕይወት አለ!» ብዬ አፍንጫዋ ሥር ደገንኩላት።

ምነው እጄ በተሰበረ። ምነው አስቀድሜ አይቼው በነበር።

ጁነይድ ከጀርባው ነው የተነሳው፤ በዝናብ በሸሚዝ ብቻ። ክንዱ አንዲት ሴት ትከሻ ላይ ነው። ሴትዮዋ የእሱን ጃኬት ለብሳ ቆቡን ደፍታለች፤ ራሷን ደረቱ ላይ ጥላለች። ከቆቡ ሥር አንገቷ ላይ የተጠመጠመው ብርቱካናማ ነገር ጀርባዋ ላይ ወርዷል።

ስልኩን ልነጥቃት ስል ኢብቲሳም በሁለት ጣቷ ፎቶውን አጎላችው። እያጎላች፣ እያጎላች የሻርፑ ጫፍ ብቻ ቀረ።

«አረንጓዴው ነው» አለች።

አላለቀሰችም። ብታለቅስ አባብላት ነበር፤ የለቅሶ ልምድ አለኝ። እሷ ግን ስልኬን እንደ ሰው ዕቃ በጥንቃቄ ጭኔ ላይ መልሳ፣ እጇን ከእጄ አውጥታ፣ ሁለቱን እጆቿን ለብቻቸው አጣመረቻቸው። የዚያን ጊዜ አሥር ዓመት ሲጨመርባት አየሁ።

የዐስር አዛን ተሰማ።

ሳሎን ወንበር ተንቋቋ። የጁነይድ አጎት ተነስተው «ሐጂ፣ አላህ ያውቃል፤ እኔ ምን እላለሁ» ሲሉ ሰማሁ። በመጋረጃው ስንጥቅ አየኋቸው፤ ጫማቸውን ግራና ቀኙን አቀያይረው አጥልቀው ወጡ። ማንም «ጫማው ተቀያይሯል» አላላቸውም። ሶላቱ እንዳለቀ የዓሪፍ ሰዎች እግር ግቢውን ሞላው።

ያን ጊዜ ነው እኔ ብልህ የሆንኩት። ሰው እንደኔ የሰው ጉዳይ አዋቂ ነኝ ካለ ፈጣሪ የሚቀጣው እንደዚህ ነው። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ «ስሚኝ» አልኳት፤ «አባትሽ መጥተው ሲጠይቁሽ ዝም በይ። እንቢ ካልሽ ይጣሉሻል፣ እሺ ካልሽ አለቀልሽ። ዝም በያቸው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሙሽራ በአፏ ካልመለሰች ቄሱ አያጋባም። ግራ ይገባቸውና ለሚቀጥለው ሳምንት ያሻግሩታል። እስከዚያ ስለዚያች ሴትዮ ነገር እኔ ራሴ ጠይቄ እደርስበታለሁ።»

ቀና ብላ አየችኝ። አስተያየቷን ያን ጊዜ አላወቅሁትም። አንገቷን ዝቅ አደረገች።

ሐጂ ሁለት ምስክር ይዘው ጓዳው በር ላይ ቆሙ። ምስክሮቹ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ኢብቲሳም፣ ልጄ» አሉ ሐጂ፤ «ዓሪፍ ለኒካህ ጠይቆሻል። ልድርሽ? ፈቃድሽ ነው?»

ዝም።

ጉልበቷን ጨበጥ አደረግኋት፤ በርቺ ማለቴ ነው።

ሐጂ ጠበቁ። ኧረ ብዙ ጠበቁ። ዓይናቸው አንድ ጊዜ ወደ መስኮቱ፣ ወደዚያ ስልክ ሄደ። «ልጄ፣ የሆድሽን ተናገሪ፤ አልቆጣም። ፈቃድሽ ነው?»

ዝም። ጣራው ላይ ካፊያ ይንጠባጠባል።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁ ድምፃቸው የሐጂ አልነበረም፤ የሚለምን ሰው ድምፅ ነበር። «ኢብቲዬ፣ ልድርሽ?»

እሷም ዝም፣ እኔም በደስታ ትንፋሼን ይዤ ዝም።

«አልሐምዱ ሊላህ» አሉ ሐጂ፣ ቀስ ብለው። ዞረው ሄዱ።

«አየሽ!» አልኳት፣ በሹክሹክታ፣ ልስማት እየተንጠራራሁ፤ «አየሽ፣ ሄዱልሽ! አላልኩሽም?»

ቡርቱካን ያየችኝን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «ታደለች እህቴ» አለች፤ «የልጃገረድ ዝምታ በእኛ እኮ ፈቃድ ነው።»

ሳሎን የኒካሁ ቃል ሲሰጥና ሲቀበል፣ ከዚያም ዱዓው ተነስቶ «አሚን፣ አሚን» ሲባል ሰማሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ግድግዳ ለግድግዳ የኖርኩ፣ አረፋቸውን አብሬ ያከበርኩ፣ ለሙሽሮቻቸው ቀሚስ የሰፋሁ ሴት፤ ይቺን አንዲቷን አላውቃትም ነበር። ተነሳሁና በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ ቤቴ ገባሁ። ነጠላዬ ቆርቆሮው ላይ ተቀደደ፤ ልቀቀኝ አላልኩትም።

አመሻሽ ላይ ኢብቲሳም በዚያው ቀዳዳ መጣች። ከስፌት መኪናዬ ጀርባ፣ የተለመደች ቦታዋ ላይ ተቀመጠች።

እግሯ ላይ ወደቅሁ። «ገደልኩሽ ልጄ! ይህ ምላስ ገደለሽ! አላወቅሁም፣ የማርያምን፣ አላወቅሁም!»

«ይነሱ እትዬ» አለች፤ አነሳችኝ። «እኔ አውቅ ነበር። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ቁርኣን የቀራሁ ልጅ ይህ ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ለምን?»

ጣቷ የስፌት መኪናዬን ጎማ ወደፊት ወደኋላ ያሽከረክራል። «አፌን ብከፍት የሚወጣው የእሱ ስም ነበር። ሌላ ቃል አልነበረኝም። ሻርፔን እዚያች ሴትዮ አንገት ላይ ካየሁ በኋላ በሰው ፊት ስሙን በየትኛው አፌ ልጥራው? አባቴ ፊት ከማፍር ብዬ ዋጥኩት።»

ፀጉሯን ዳሰስኩ። ውጪ ዝናቡ አባርቶ የማታ ጀምበር ተራራው ላይ ብቅ ብላ ነበር፤ የሚያምር ነገር ያለ ቦታው ሲመጣ እንዴት ያናድዳል።

ስልኬ ጠራ።

ኢሞ ነው። ጁነይድ። የሁለታችንም ዓይን ስልኩ ላይ ተተከለ። ሊቋረጥ ሲል እጄ ራሱ ከፈተው፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ ጨርቁ ላይ አስቀመጥኩት።

«እትዬ ታደለች! ሃሎ! ይሰማል? እትዬ፣ አጠገብዎ አለች? ኢብቲ፣ እዚያ ነሽ?» ያለከልካል፣ ደግሞ ይስቃል። «ለሐጂ ስደውል አያነሱም። ስሚኝ፣ ተራራው ላይ ስንወጣ ጁምዓው ገና ስላላለቀ ልጠብቅ ብዬ ነበር፤ ፏፏቴውን አይተው፣ ልመልሳቸው ስቆጥር ሠላሳ ሰባት! አንድ ሰው የለም። ጉሙ ወርዶ እጅሽን ዘርግተሽ እጅሽ አይታይሽም። ሹፌሩ እንሂድ አለኝ፣ መርከቡ ሰዓት አለው አለ። የሲሪንቃው ሹፌር ትዝ አይልሽም? ቁርጥ እሱ! አውቶቡሱን ልኬ ብቻዬን ተመለስኩ።»

ኢብቲሳም ጎማውን ማሽከርከር አቆመች።

«ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው ኢብቲ። ባሏን ባለፈው ዓመት ቀብራ ብቻዋን የመጣች። ገደሉ አፍ ላይ ቁጭ ብላ ትንቀጠቀጣለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ጃኬቴን አለበስኳት፣ ሻርፕሽን ጠመጠምኩላት። ይቅር በይኝ፣ ሌላ የሚሞቅ ነገር አልነበረኝም። ደግፌ መንገድ አደረስኳት፤ የድርጅቱ መኪና መጥቶ፣ ሹፌሩ ፎቶ አንስቶን፣ ቦታ ስላልነበረው እሷን ብቻ ይዞ ሄደ፣ እኔ በእግሬ ወረድኩ። ስልኬ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ! ከዚያ ወዲያ ከማን ስልክ ልደውል፣ የአንድ ሰው ቁጥር በቃሌ የለኝ! መርከብ ገብቼ ሐኪሙ ጋ ነው ያገኘሁት። አሮጊቷ ሻርፑን ማን ሠራልህ አለችኝ፣ ሚስቴ አልኳት። ገና ነው አይደል? ግን ሚስቴ አልኳት።»

ኢብቲሳም እጇን አፏ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ይርገበገብ ነበር፤ ድምፅ ግን የለውም። የሌላ ሰው ሚስት ከሆነች ገና አንድ ሰዓት ተኩሏ ነው፤ ከእንግዲህ ለዚህ ልጅ የምትሰጠው ድምፅ የላትም። ያንን እኔም አሁን አውቄያለሁ።

«ሠላሳ ስምንት ይዤ ወጣሁ፣ ሠላሳ ስምንት ይዤ ገባሁ» አለ ጁነይድ፤ «አንድም ሰው ጥዬ አልመጣሁም ኢብቲ። ሐጂ ስለ ሰዓቱ ይቆጣሉ፣ አውቃለሁ፤ ይህን ሲሰሙ ግን ይምሩኛል። አጎቴ አሁንም እዚያ ናቸው አይደል?»

እኔ፣ ሰፈሩ ሁሉ አፏ አይገጥምም የሚለኝ ሴት፣ አንዲት ቃል ፈለግሁ። አጣሁ።

«ሃሎ? ኢብቲ?» ከኋላው ትልቅ ጥሩምባ ነፋ። «መርከቡ ሊነሳ ነው፣ ኔትወርኩ ይጠፋል። አንድ ነገር በይኝ። እሺ፣ አኩርፈሻል፤ ልክ ነሽ። ተይው፣ አትናገሪ።» ሳቀ፤ ያ ከሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚስቀው ሳቅ። «የልጃገረድ ዝምታ ፈቃድ ነው ይል የለ ሸሪዓው? ዝም ካልሽ እሺ ብላኛለች ብዬ ልያዘው?»

ስልኩን ከጨርቁ ላይ አነሳችው። ወደ አፏ አላስጠጋችውም። ሻርፕ የሚታሰርበት ቦታ፣ አንገቷ ሥር ለጠፈችውና ዓይኗን ጨፈነች።

«አንድ» አለ ጁነይድ፣ ተሳፋሪ እንደሚቆጥር። «ሁለት። ሦስት። በቃ፣ ፈቅደሻል!»

ደስታው ገና ሳያልቅ መስመሩ ተቋረጠ።

ጓዳ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተጠይቃ ለአባቷ ዝም ስትል አጠገቧ ነበርኩ፤ ለእሱም ዝም ስትል አጠገቧ ነበርኩ። ሐጂ እሺታ ብለው የወሰዱት ዝምታ እሺታ ይሁን አይሁን አላውቅም። የጁነይድን ግን አይቼዋለሁ፣ እመሰክራለሁ፤ አልተሳሳተም፤ ፈቅዳለታለች።